ሰው ጥላ የማትሄደው ቨርና

ቨርና ሊንድግሬን ዕድሜዋን የፈጀችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ልጅ ጥላ ሄዳ አታውቅም፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ሌላው ሾፌር ክላክስ አድርጎ እብስ ሲል፣ እሷ በዚያ በረዶ በሩን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። የጫማው ማሰሪያ ሁልጊዜ የሚፈታበትን ብሬንትንማ ስንቴ ጠብቃዋለች! "ና እንጂ፣ አንተ ኤሊ!" እያለች።

ያ ኤሊ ዘንድሮ በአሜሪካ ለአይዋ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ይወዳደራል። ቨርና ጡረታ ከወጣች ወዲህ በየምርጫው መኪና የሌላቸውን ሽማግሌዎች በራሷ መኪና ታመላልሳለች። ዛሬም ከጠዋት ጀምራ "ብሬንት ያሸንፋል፣ ምን ጥርጥር አለው!" እያለች ስትነዳ ዋለች። የራሷን ድምፅ ግን ገና አልሰጠችም፤ "እኔ መጨረሻ ላይ" ትላለች።

ማታ፣ ምርጫው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ሃርላን ነው፣ የፊት ለፊት ጎረቤቷ። ከበጋ ጀምሮ ተኳርፈዋል። ልጁ ዳሪል ጠጥቶ ነድቶ ሰው አቁስሏል፤ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ያሳሰረው ደግሞ ብሬንት ነው። ሃርላን የብሬንትን ተቃዋሚ ትልቅ የቅስቀሳ ሰሌዳ ግቢው ውስጥ ሲተክል፣ ቨርና በአጥር ላይ "ጥፋቱ የልጅህ ነው" አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም።

"መኪናዬ አልነሳ አለኝ" አለ ሃርላን። "አንቺን መለመን ሞቴ ነው፤ ግን ያንን ሰውዬ ሳልቃወም ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"የእኔን ድምፅ የምትሽርበት ቦታ እኔው ላድርስህ?"

"ካልፈለግሽ ቅሪ!"

ስልኩን ዘጋችው። አፍንጫውን ይላስ! ብትቀር ማን ያውቅባታል? የብሬንት አንድ ጠላት ቀነሰ፣ አለቀ። ይህን እያሰበች ግን ቁልፏን ይዛ ወጥታ ነበር፤ በገዛ ራሷ ተናደደች።

ሃርላን ዳሌውን ያመዋል፤ በዝናብ ውስጥ ምርኩዙን እየተከለ ሲመጣ ዓመት ፈጀ። "ና እንጂ፣ አንተ ኤሊ!" አመለጣት። እሱም ገብቶ ተቀመጠ። ምርጫው በሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው።

"አንተ ግባ፣ ሊዘጋ ነው!" ብላ ደጁ ላይ አወረደችው። መኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። እታች መንገዱ ዳር አቁማ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ እየሮጠች ተመለሰች። ሃርላን አልገባም። ደጅ ላይ ቆሞ ዝናብ ይወርድበታል፤ አስመራጯ ሴትዮ በሩን ይዛ ትለምነዋለች።

"ጌታዬ፣ ይግቡ እንጂ፣ ሰዓቱ ደርሷል!"

"ሰው እየጠበቅሁ ነው።"

ቨርና እያለከለከች ደረሰች፤ አብረው ገቡ፣ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

"አብደሃል? ብቻህን ገብተህ ቢሆን እኮ እኔ ቀርቼልህ ነበር!"

"ያኔ ዳሪልን በዚያ በረዶ አውቶቡሱን አቁመሽ ስትጠብቂው፣ በመስኮት አይሽ ነበር" አለ ሃርላን። "ጥዬሽ ልግባ?"

ቨርና ሰልፉ ላይ አጠገቡ ቆመች፤ ተራቸው ሲደርስ እሷ ለብሬንት፣ እሱ ለብሬንት ተቃዋሚ ድምፃቸውን ሰጡ።

ሲመለሱ ሬዲዮው ብሬንት በሰፊው እየመራ ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ስትፎክር የዋለችው ቨርና እጇን ሰድዳ ዘጋችው። ልቧ ግን ሊፈነዳ ደርሷል፤ ኤሊዋ ሊያሸንፍ ነዋ!

"ዳሪል እንዴት ነው?" አለች።

"በፀደይ ይፈታል። ያቺ መኪናዬ እስከዚያ ካልተነሳችልኝ ግን እንዴት እንደማመጣው እንጃ።"

"እኔ ሄጄ አመጣዋለሁ።"

ሃርላን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ቀርፋፋ ነው፣ ታውቂዋለሽ።"

"እጠብቀዋለኋ!" አለች ቨርና።