ደሴ ላይ ያጠፋሁት መብራት

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ታደሰ የመብራት መቆጣጠሪያው ፊት አስቀመጡኝና «አንቺ ልጅ፣ ሐሳቡን ለእኔ ተይው። የአንቺ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነው» አሉኝ። ጋሽ ታደሰ አዘጋጃችን ነበሩ። ቡድናችን ጊዮርጊስ አካባቢ በተከራየው አዳራሽ የሚለማመደው ሙዚቃዊ ቴአትር ግራ ያጋባኝ ገና ያን ዕለት ነው። ካባ የደረበ ደጃዝማች ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ በሮክ ስልት ይፎክራል። ስላቅ መሆኑ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

ደጃዝማቹ የፈጠራ ሰው ነው። «ያየኝ ሁሉ ይሳቅ» ብሎ አዋጅ ያስነግራል። ወድቆ ሲሞትም አዋጁ ስላልተሻረ ሕዝቡ ሬሳው ላይ ይስቃል። እኔ ያኔ መብራቱን ሁሉ ቦግ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ ፒያሳ ላይ ስናሳየው ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ጋዜጣ ላይ ግን አንዱ ሃያሲ «ታሪካችንን አዋረዱ» ሲል፣ ሌላው «መሳፍንቱን አሞገሱ» ብሎ ጻፈ። ደጃዝማቹን የሚጫወተው ሰይድ ሁለቱንም ይዞ መጣና «እነዚህ ሰዎች ያዩት አንድ ቴአትር ነው?» አለኝ።

ከዚያ ክፍለ ሀገር ወጣን። ጅማዎች የሚያስቀው ቦታ ላይ ዝም ብለው በቴአትሩ ውስጥ ያለው የሐዘን ዜማ ላይ አጨበጨቡ። ደሴ ላይ የመጀመሪያው ትርኢት እንዳለቀ እማማ ዘውዴ የሚባሉ አዛውንት ከመድረኩ ጀርባ መጡ።

«አያቴን ከየት አገኛችኋቸው?» አሉ።

ጋሽ ታደሰ ፈገግ አሉ። «እማማ፣ ሰውየው እኮ ፈጠራ ነው።»

«ጢማቸውንም ፈጠራችሁት? ሲቆጡ ግራ ትከሻቸውን ማንሳታቸውንስ?» ብለው ሰይድ ላይ አፈጠጡ። ትከሻ ማንሳቱ የሰይድ የራሱ ልማድ ነው።

«ስደቧቸው፣ ክፉ ነበሩ» አሉ እማማ። «ግን ሬሳ ሳይሸፈን ይሳቅበታል? እባካችሁ፣ ሸፈን አድርጉልኝ።»

ጋሽ ታደሰ በትሕትና እምቢ አሉ። «ሳቁ ከወጣ ቴአትሩ የለም» አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በነበረው ትርኢት እማማን ፊተኛው ወንበር ላይ አየኋቸው። ሰይድ ወደቀ። ቦግ ማድረግ ሲገባኝ ሁሉንም አጠፋሁት። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ተዋንያኑ ሳቃቸውን ዋጡ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት አዛውንት ሴት ማልቀስ ጀመሩ፤ ሌሎች ተቀበሏቸው።

ጋሽ ታደሰ ሊያባርሩኝ ቆርጠው ነበር። ከአዲስ አበባ አብሮን የመጣ ሃያሲ ግን ጨለማውን «የአዘጋጁ ድፍረት» ብሎ ጋዜጣ ላይ አወደሰው። ጋሽ ታደሰ ጋዜጣውን ደጋግመው አነበቡና «እንግዲህ... ፒያሳም እንዲሁ አድርጊው» አሉኝ።

አዲስ አበባ ስንመለስ የፒያሳው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሰይድ ወደቀ፤ አጠፋሁ።

«ኧረ መብራት ሄደ!» አለ አንዱ።

ፉጨቱ ቀለጠ። በየወንበሩ የስልክ መብራት በርቶ ሬሳው ላይ አረፈ። «ደጃዝማች፣ ጄኔሬተር የለዎትም እንዴ?» ሲባል ሟቹ ራሱ ሳቀ። አንድ ጋዜጣ «ስለ መብራት መቋረጥ የቀረበ ደፋር ስላቅ» ብሎ ጻፈልን።

ጋሽ ታደሰ ያን ጽሑፍ አንብበው ጋዜጣውን ለእኔ አቀበሉኝ። ደሴ ላይ ልክ ነበርኩ ወይስ ተሳስቻለሁ፣ አልለየልኝም።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው አጭር ነው፦ አንድ ከተማ ላይ የሠራ ነገር ሌላው ላይ ይሠራል አትበሉ። ከተጻፈው ሂስ ይልቅ ፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው እዩ።