ወሃም ያልኩ ዕለት

በዚያ የኮሮና ሁዳዴ፣ ዐረብ አገር፣ ሙባረክ አል-ከቢር በሚባለው ሰፈር በሠራተኝነት ከምኖርበት ቤት ደጅ ከወጣሁ ወር አልፎኝ ነበር። ከአገር ያመጣሁት ሽሮ አለቀ። ሳልሚያ ሰፈር ያለችው ያገሬ ልጅ ጓደኛዬ "እኔ ጋ ሞልቷል" ትለኛለች፤ የዕረፍት ቀን ተሰርዞ፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ በምን ልሂድ? ሩዝና ዳቦ፣ ዳቦና ሩዝ! አንገፈገፈኝ። ሽሮ ሲንተከተክ በቁሜ ውል ይለኝ ጀመር።

ማዳም ነፍሰ ጡር ናት። ጠዋት ሎሚ በጨው፣ ከሰዓት ኮምጣጣ ማንጎ ያምራታል። ባሏ "ወሃም!" እያለ ይስቅና ያሻትን ገዝቶ ይመጣል። እኔም "አማረኝ" በዐረብኛ ምን እንደሚባል አወቅሁ ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ደፈር አልኩና፣

"ማዳም፣ አና ወሃም" አልኳት፤ እኔም አማረኝ ማለቴ ነው።

ሽሮ የሚለውን እንኳ አላስጨረሰችኝም። "ሚን?" ብላ ጮኸች። ከማን? ጠያቂም ጎረቤትም የማይገባበት ቤት ውስጥ ያለው ወንድ ባሏ ብቻ ነው። ዞራ አየችው። ማንኪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቃሉ የእርጉዝ አምሮት ብቻ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

የሚያናድደኝ ይህን አለመጠርጠሬ ነው። በእኛስ "አማራት" ሲባል ሰው ቶሎ ሆዷን አይደል የሚያየው? ያላገባች ልጅ ቆሎ አማረኝ ብትል እንኳ "ምነው፣ በደህናሽ ነው?" ትባላለች። ያም ሆኖ ቃሉን ሁላችንም እንደልባችን እንለዋለን። እነሱ ግን ለይተው ነው የሚናገሩት።

ማዳም የእርግዝና መመርመሪያ ከፋርማሲ አስመጣች። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ምንም እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ዕቃው ቢሳሳትስ? አውሮፕላን በሌለበት ብታባርረኝ የት እገባለሁ? ከእስር ቤት ሌላ አልታየኝም።

አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ እርግዝና የለም ማለት ነው። ማዳም ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ለእህቶቿ እየደወለች አሳቀቻቸው። "ሚሽተህያ በይ እንጂ!" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። ለጤነኛ ሰው አምሮት የሚባለው እሱ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አርሮ ነበር።

ትክክለኛውን ቃል አወቅሁት፤ ሁዳዴው ግን በሩዝ አለቀ። ምን እንዳማረኝ የጠየቀኝ የለም።