ዋስ ጥራ የተባለው ፋብሪካ

ከትናንት ወዲያ ረፋዱ ላይ አጎቴ ግራዝማች ደምሴ አንድን ፋብሪካ ዋስ ጥራ አሉት... ፋብሪካውን ነው ያልኩት፣ ሰውየውን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካኪና አቡጀዲ ከሚሠራ ፋብሪካ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ፎርማን ሰቆጣ ድረስ መጥተው ስምንተኛ ክፍል የጨረስነውን ፈተኑን። ያለፈ ልጅ ሦስት ዓመት በፋብሪካው ወጪ እየበላ፣ እየተኛ፣ የኪስ ገንዘብም እየተሰጠው የማሽን ጥገናና ብየዳ ይማራል፤ ከዚያ እዚያው ይቀጠራል። እኔ አልፌያለሁ። የቀረኝ የአሳዳጊ ፊርማ ብቻ ነበር... አሳዳጊዬ ደግሞ ግራዝማች ናቸው።

ግራዝማች ለእኔ ያሰቡት ሌላ ነው። ኮሌጅ እገባለሁ፤ ዳኛ ሆኜ እመለሳለሁ፤ ከዚያ እኔ ሳልወለድ ከጎረቤታቸው ጋር የጀመሩትን የድንበር ሙግት እፈርድላቸዋለሁ። ክርክሩ ስለ አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ቁልቋሉ ከደረቀ ቆይቷል... ሙግቱ ግን እንደለመለመ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ትምህርት ቤቱ ግቢ መጡና ፎርማኑ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ። መጀመሪያ ከዘራችን ብረት የቀጠቀጠ እንደሌለ አስረዱ። ማረሻቸውን ማን እንደሚሠራላቸው የጠየቀ የለም። ቀጥሎ ፎርማኑ በማይሰሙት በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ተንሾካሾኩ። ፎርማኑ ምን እያሉ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ቁመናዎን እያደነቁ ነው አልኳቸው። ያሉት ግን ይህን የሚያህል ሆድ ያለው ሰው ለልጃችን ምን ሊተርፈው ነው የሚል ነበር።

ፎርማኑ ደስ ብሏቸው ወረቀቱን ዘረጉ። ሰልጣኙ ትምህርቱን ጥሎ እንዳይጠፋ ዋስ ያቀርባል ይላል። ግራዝማች ይህ ሲነበብ ቀና አሉ።

«በሬ የወሰደ ነው ዋስ የሚጠራው። በሬ የሰጠ ዋስ ሲጠራ የት አገር አይተሃል?»

«የምወስደው እኮ እኔ አይደለሁም ግራዝማች፣ ፋብሪካው ነው።»

«እንግዲያስ ፋብሪካው ዋስ ይጥራ።»

ፎርማኑ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። የፋብሪካው አባት ማን ነው፣ ርስቱ የት ነው፣ ልጁን ይዞ ቢሰወር በየት በኩል ይፈለጋል እያሉ በየተራ ጠየቁ። ምስኪኑ ሰውዬ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ገበያ ወጡ... ለፋብሪካ ዋስ ፍለጋ። ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንዱ የፍየል ነጋዴማ መጀመሪያ ፋብሪካው ራሱ ይምጣና ልየው ብሏቸዋል።

ወረቀታቸውን ማጠፍ ሲጀምሩ ጠጋ አልኩ። ያኔ ነው ራስጌው ላይ የታተመውን የፋብሪካውን ምልክት ያየሁት... ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ዋሊያዎች። እነዚህን ዋሊያዎች አውቃቸዋለሁ። በየሳምንቱ ወንዝ ወርጄ የማጥባቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ የሱሪዎን ጠርዝ እስቲ ይገልብጡት» አልኳቸው አጎቴን።

ያ የካኪ ሱሪ ባሕር ማዶ የተሸመነ፣ ለማዕረጋቸው ተብሎ የመጣ እንደሆነ ሰቆጣ በሙሉ ሰምቷል። ጠርዙ ሲገለበጥ ሁለቱ ዋሊያዎች ደብዘዝ ብለው ቆመዋል። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ከሱሪው አጠገብ ይዞ ቀንድ በቀንድ አስተያየ።

«ስንት ዘመን ለበስከው?» አላቸው።

«ሰባት ክረምት» አሉ ግራዝማች፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ከድቶህ ያውቃል?»

ግራዝማች የሱሪውን ጉልበት ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አንድ ክር አልተተረተረም።»

«በል እንግዲህ፣ ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ዋሱ አንተ ነህ።»

እምቢ ቢሉ ሱሪያቸውን መካድ ነው። አውራ ጣታቸውን ሦስት ቦታ አተሙ። አንዱን እንደ አሳዳጊ፣ አንዱን ለእኔ ዋስ ሆነው፣ ሦስተኛውን ፎርማኑ ላብ እያጠመቃቸው ኅዳጉ ላይ በጻፉት መሠረት ለፋብሪካው ዋስ ሆነው።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። እኔ ብጠፋ ፋብሪካው ግራዝማችን ይከሳል። ፋብሪካው ቢያጠፋኝ ደግሞ አሳዳጊው ግራዝማች ዋሱን ግራዝማችን ይከሳሉ...

ዳኛ ባልሆንላቸውም፣ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ የሚረቱበት ሙግት ትቼላቸው እሄዳለሁ።