ወደ ጢቾ የተላኩ የእሑድ ደብዳቤዎች

የአዳሪ ትምህርት ቤት ትዝታቸውን የሚጽፉ ሰዎች ካረጁ በኋላ የተገረፉበትን አርጩሜ ይስማሉ። ብዙዎቹን አንብቤያለሁ፤ የፈረንጆቹንም የእኛዎቹንም። መጀመሪያው ላይ ብርድ አለ፣ ረሀብ አለ፣ ዱላ አለ። መጨረሻው ላይ ጸሐፊው ትልቅ ሰው ይሆንና ብርዱም ዱላውም ሰው አደረገኝ ብሎ ይደመድማል። እኔን ብርዱ ሰው አላደረገኝም። አሰላ በርዶኝ ነበር፤ በቃ።

ትምህርት ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተሠርቶ ነበር። ጊዜው አርባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ዲሬክተሩ እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ከሚስታቸው ጋር ሆነው እሳቸው የተማሩበትን ዓይነት ትምህርት ቤት አርሲ ላይ ለመትከል የቆረጡ ሰው። እንዲህ ያለው ቤት በአገራቸው ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ እንደበሰለ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። እኛ ዘንድ ግን በሦስት ዓመት ሊያደርሱት ቸኩለዋል። ስለዚህ ጠዋት በበረዶ ውሃ እንታጠባለን። በገብስ አገር መካከል ተቀምጠን ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ የመጣ የአጃ ገንፎ ያለ ቅቤ እንበላለን። ተማሪው ቀይ ቤት፣ ሰማያዊ ቤት እየተባለ ተከፍሎ ስለነበር፣ እስከ ትናንት የማይተዋወቁ ልጆች ለቤታቸው ክብር ሲሉ ኳስ ሜዳ ላይ ቅልጥም ይሰባበራሉ። በየቤቱም አለቃ የተባለ ትልቅ ተማሪ አለ፤ ጫማውን የምንወለውለው እኛ ትንንሾቹ ነን።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የእሑዱን ደብዳቤ ነው።

እሑድ እሑድ ከቁርስ በኋላ ሁላችንም መመገቢያው አዳራሽ ተቀምጠን ለወላጆቻችን እንጽፋለን፤ በእንግሊዝኛ። ደብዳቤው አይታሸግም። የዲሬክተሩ ሚስት ተቀብለው ስሕተቱን በቀይ ቀለም ያርሙታል፤ እኛም በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን እንመልሳለን። ደህና ነኝ፤ እናንተም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቅዳሜ በኳስ አሸነፍን፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ወላጆቻችን እንግሊዝኛ ማወቅ አለማወቃቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዲሬክተሩ አገር ልጅ በየሳምንቱ ለቤተሰቡ ይጽፋል፣ ቤተሰቡም ያነባል፤ አርሲ ላይ ይህ ለምን ይቀራል?

አጠገቤ የሚቀመጠው የኦጎልቾ ልጅ ነበር። አባቱ ከኦሮምኛ ሌላ የሚያውቁት ቋንቋ የለም፤ ማንበብማ ጭራሽ። የደብዳቤዎቹን መጨረሻ እሱ ነው የነገረኝ።

“የእኔ አባት በገመድ አስሮ ማሽላው ላይ ሰቅሏቸዋል” አለኝ ወረቀቱን እያጠፈ። “ወፍ ይጠብቃሉ። ሴትዮዋ ያረመችበትን ብልክለት ደግሞ ጦጣም ይሸሽ ነበር።”

የእኔ አባት ግን ወረቀት ሜዳ ላይ የሚሰቅል ሰው አልነበረም። ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ ጢቾ ላይ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ ስለዚህም ወረቀትን እንደ ታቦት ያከብራል። ደብዳቤዬ በደረሰ ቁጥር በገበያ ቀን ይዞት ወደ ፍርድ ቤቱ ደጅ ይሄዳል። እዚያ ዋርካው ሥር የኔታ ይቀመጣሉ። የኔታ እኔን ፊደል ያስቆጠሩ ካህን ናቸው፤ በኋላ ተማሪው ሲሳሳባቸው ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። በጢቾና በአካባቢው የኔታ ያላነበቡት ወረቀት የለም ይባል ነበር። እንግሊዝኛ ግን አንድ ፊደል አያውቁም።

ይህን ያወቅሁት ለመጀመሪያው የክረምት ዕረፍት ቤት ስገባ ነው። እናቴ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሳሌ ተሽሎኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልሳልኩም ነበር። ቀጥላ ብርድ ልብሱን ያካፈለኝን ልጅ ማመስገን አለማመስገኔን ጠየቀች። ማንም ብርድ ልብስ አካፍሎኝ አያውቅም፤ እንዲያውም የእኔን አለቃው ወስዶብኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ስለ እናትህ እጅ የጻፍካትን ሦስት ጊዜ አስነብቤያታለሁ አለኝ፤ እንባውን እንዳላይበት ፊቱን ወደ አቡጀዲው አዙሮ።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ሄድኩ።

“የኔታ፣ እንግሊዝኛ መቼ ተማሩ?” አልኳቸው።

ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው አላወጡትም። “አባትህ መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ገበያውን ግማሽ አስከትሎ ነው” አሉ። “‘የኔታ ምን ይሳናቸዋል’ እያለ። ያን ጊዜ ምን ልበለው? አንድ ቀን አነበብኩለት። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያው የት ነው?”

“እኔ ያላልኩትን ነው የሚያነቡት።”

“እሱን ተወው። ለመሆኑ አንተ ምን ብለህ ነበር?”

ነገርኳቸው፤ ስለ ኳሱና ስለ አየሩ። “ታዲያ ይህን ባነብላቸው አይቀየሙህም?” አሉኝ።

የኔታ የፈጠሩት ልጅ ከእኔ የተሻለ ልጅ ነበር። ይናፍቃል፣ ያመሰግናል፣ የእናቱን እጅ ያስታውሳል። እኔ በቀይ ቀለም እየታረምኩ በኳስ አሸነፍን እላለሁ። ያን ቀን ዝም ለማለት ተስማምተን ተለያየን። ቃል አልተለዋወጥንም፤ ግን ተስማማን።

አሰላ ስመለስ ነገሩ ቀለለኝ። ማንም ለማያነበው ደብዳቤ ምን አደከመኝ? ከታረሙት አንዱን መረጥኩና እሑድ እሑድ እሱኑ መገልበጥ ጀመርኩ። ደህና ነኝ፤ ደህና ናችሁ፤ ቅዳሜ ቀይ ቤትን አሸነፍን። ስምንት ወይም ዘጠኝ እሑድ ያህል ቀይ ቤትን አሸነፍን። የዘነጋሁት፣ ደብዳቤው ከተላከለት ሰው ይልቅ ካልተላከላቸው ከዲሬክተሩ ሚስት ዘንድ አንባቢ እንዳለው ነው። ቀይ ቤት ደግሞ እሳቸው የሚመሩት ቤት ነበር፤ በእነዚያ ወራት አንድም ቀን አልተሸነፈም።

ዲሬክተሩ ቢሯቸው ሲያስጠሩኝ ደብዳቤዎቹ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ተደርድረው ነበር። ስንፍናን በአርጩሜ ያርሙ ነበር፤ ይህን ግን የልብ ጥፋት አሉት። ልጅ ለወላጁ አንድን ቃል ደጋግሞ ከላከ ወላጁን ይንቃል ማለት ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም አልኩ። ማን ያነብለታል አሉኝ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው አልኩ። አልሳቁም። ሁለት ሽማግሌዎችን በማዋረድ ጥፋቴን ልሸፍን እንደፈለግሁ ነገሩኝ። እውነት ከሆነ አባቴ ወሩ ሳያልቅ ራሱ መጥቶ በአስተርጓሚ ያስረዳቸው፤ ካልመጣ ቦታዬ ደጅ ለሚጠና ሌላ ልጅ ይሰጣል። ይህንኑም ለአባቴ በደብዳቤ ጻፉለት። በእንግሊዝኛ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሰው ልጅ ማመዛዘን የጻፉ ብዙ ሊቃውንት አንብቤያለሁ። አንዳቸውም ለዚህ ምዕራፍ አላበጁለትም።

ሞኝ አልነበርኩም። ከጢቾ ጨው ሊጭን የመጣ ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ አሰላ ገበያ ላይ መኖሩን ሰማሁና አጥር ዘልዬ ሄድኩ። አባባ ራሱ ይምጣ፣ ካልመጣ መባረሬ ነው ብለህ ንገርልኝ አልኩት። በእናቱ ስም ማለልኝ። ነገረውም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ግን አባቴ አብሮት አልነበረም።

የሆነውን ዘርዝሮ ነገረኝ። የእኔን መልእክት ሲያደርስ የዲሬክተሩ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። የኔታም አንብበውታል። በየኔታ ንባብ ዲሬክተሩ እንዲህ ያለ ልጅ በማሳደጉ አባቴን አመስግነዋል። ነጋዴው፣ ልጅህ ግን ና ብሎሃል ቢለው፣ አባቴ ሳቀበት።

“ይኼ ማኅተም ያለበት የሹም ወረቀት ነው፤ አንተ የያዝከው የልጅ አፍ” አለው። “ናፍቆት ነው፤ ይለምደዋል። ይልቅ ላመሰገነ ሰው ባዶ እጅ አይላክም።”

“ምን ላከ?” አልኩት ነጋዴውን።

“ቅቤ” አለኝ። “ከእመቤቲቱ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ብሎ አስምሎኛል። አሁን ሰጥቻቸው መምጣቴ ነው።”

ዲሬክተሩ ሲያስጠሩኝ የቅቤውን ቅል ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከቀለም ብልቃጡ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ከጢቾ አሰላ ድረስ በበቅሎና በጭነት መኪና ፀሐይ ሲመታው የመጣ ቅቤ ነው፤ ሽታው ከእኔ ቀድሞ ተናግሯል። ዲሬክተሩ መስኮቱን ከፍተው ከቅሉ ራቅ ብለው ቆመው ነበር።

“አባትህን ጠራሁ፤ ይህ መጣ” አሉኝ።

“ምስጋና ነው፣ ሰር።”

“በሕንድም ስሠራ እንዲህ ያለውን ምስጋና አውቄዋለሁ፤ ጉቦ ነው” አሉ።

በዚያው ቀን መባረሬን ጻፉ። ፍትሐዊ ሰው ነበሩ፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፦ አባትየው በአንድ ወር ውስጥ ራሱ ከመጣ ልሰማው ዝግጁ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሳያሽጉ ሰጡኝ። በጭነት መኪናው ላይ፣ ኋላም በበቅሎ ላይ ሆኜ እያነበብኩ በቃሌ ያዝኩት። መንገዱን ሁሉ ተስፋ ያደረግሁት ያችን የመጨረሻዋን መስመር ነው። እጅ በእጅ አደርሰዋለሁ፤ ራሴ አነብለታለሁ፤ አባቴ በሁለተኛው ቀን አሰላ ይደርሳል።

ጢቾ የገባሁት በገበያ ቀን ነበር። አባቴ ሱቁ ውስጥ እያለ ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ላንብብልህ አባባ አልኩት።

“ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ራሱ አያነብም” አለኝ። “ምስክርነት በሌላ አፍ ነው።” ኩታውን አጣፍቶ ወደ ዋርካው መንገድ ጀመረ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ሲሄድ ያየው ሁሉ ተከተለው።

የኔታ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ በመነጽሩ በላይ እኔን አዩኝ። በትምህርት ወራት መሐል፣ ሻንጣዬን ይዤ መምጣቴን እያዩ ነበር። ምን እንደተጻፈ ባያነቡም ያወቁ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘርጋ ያደረጉትም መሰለኝ፤ በዚህ ግን አልምልም።

“እንግዲህ የኔታ፣ ያንብቡልን” አለ አባቴ።

“‘ልጅዎ እኛ ዘንድ ያለውን ትምህርት ሁሉ ስለ ፈጸመ’” ብለው ጀመሩ የኔታ፤ ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ እንደነበረው ጠራ። “‘ከእንግዲህ የምናስተምረው ነገር የለንምና፣ በክብር ወደ እርስዎ መልሰነዋል።’”

ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አደረገው።

አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ‘የኔታ፣ ወረቀቱ እንዲህ አይልም’ ብል ያበቃ ነበር። ለብዙ ዓመታት ዝም ያልኩት ለየኔታ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት፤ ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው በገበያ መሐል ላዋርድ ነውን? መልካም ምክንያት ነው፤ ለማንም ቢነገር ያስመሰግናል። እውነቱ ግን እልልታው ጣፈጠኝ። ብናገር የተባረርኩ ልጅ እሆን ነበር፤ ዝም ስል ትምህርቱን የጨረስኩ ሆንኩ። ጎንበስ ብዬ የአባቴን ጉልበት ሳምኩ።

ወሩ አለቀ። በእነዚያ ሳምንታት የኔታን የሸሸሁት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስወጣ አገኙኝ።

“እኔስ እንግሊዝኛ አላነብም” አሉኝ። “አንተ ታነባለህ። ለምን ዝም አልክ?”

እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

እናቴ ደግሞ መጻሕፍትህስ የት አሉ ብላ አንድ ጊዜ ጠይቃኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቀሩ አልኳት። የጨረሰ ሰው መጽሐፉን ይተዋል እንዴ አለች፤ ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም።

አባቴ ደብዳቤውን በመስታወት አሠርቶ ከባንኮኒው በላይ፣ ከንጉሡ ሥዕል ጎን ሰቀለው። እኔ ከሥሩ ቆሜ ጨርቅ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ የግብርና ሹም አቡጀዲ ሊገዛ ገባ። ዓይኑ ደብዳቤው ላይ አረፈ፤ እየተጠጋ አነበበው፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ዞሮ አባቴን አየ፤ ከዚያ እኔን።

“የልጄ ነው” አለ አባቴ። “እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው ሲያነበው ደስ ይለኛል። እንዴት ነው?”

“በጣም ጥሩ ነው፣ አባቴ” አለ ሰውየው። “እንኳን ደስ አለዎት።”

ከየኔታና ከእኔ ቀጥሎ ሦስተኛው አንባቢ መሆኑ ነው። እኔም ስንት ክንድ እንደሚፈልግ ጠየቅሁትና አቡጀዲውን መለካት ጀመርኩ።