የናደውን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የምናገረው ውሸቱን ያነበባችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው።

በደርግ ዘመን ዳባት አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ በስሜን ተራሮች ግርጌ እየዞርኩ የድሮ ታሪክ እለቅም ነበር፤ ስለ ዘመነ መሳፍንት ልቦለድ ጀምሬ ነበርና። ከደባርቅ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አያ መኩሪያ የሚባሉ ገበሬ ቤታቸው አሳድረው የቅድመ አያታቸውን የናደውን ነገር አጫወቱኝ። ናደው የአንድ አምባ በር ጠባቂ ነበሩ። አምባው ተከቦ ውሃ ሲያልቅ፣ ሕፃናት ሲሞቱ፣ በሩን ለጠላት ከፈቱ። የአምባው ጌታ ተማረኩ፤ ሕዝቡ ተረፈ።

«ጻፈው ልጄ» አሉኝ። «ግን ለምን እንደከፈቱም አብረህ ጻፍ። አለዚያ ስማቸውን ተወው።»

«እሺ አያ፣ ማርያምን!» ብዬ ማልኩ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ልቦለዴ መሀሉ ላይ ላላብኝ። ከሃዲ ቢገባበት እንደሚጠብቅ ታየኝ። ናደውን ለጉልት ብሎ በሩን የሸጠ ሰው አደረግሁት። ሕፃናቱን ከታሪኩ አወጣኋቸው። ስሙንስ ለምን አልቀየርኩም? ሞክሬ ነበር። «ናደው» ግን ለጆሮዬ ጣመኝ። ምክንያቴ ይኸው ነው።

መጽሐፉ ታተመ፤ በሬዲዮም ተተረከ። ናደው የማን ቅድመ አያት እንደሆኑ ደባርቅ ያውቃል። የአያ መኩሪያ የልጅ ልጅ ስንዱ ታጭታ፣ ጠላው ተጠምቆ ሳለ፣ የወንዱ ወገኖች «ከከሃዲ ዘር አንጋባም» ብለው ላኩ። ስንዱ አገሩን ትታ ዘመዶቿ ዘንድ ዛሪማ ወረደች።

አያ መኩሪያ ዳባት ድረስ በእግራቸው መጡ።

«ምነው ልጄ? ያልኩህን ረሳኸው?»

«እኔማ እንዳሉኝ ጽፌ ነበር፤ ሳንሱር ነው የቀየረው» አልኳቸው።

አመኑኝ። ይባስ ብለው አዘኑልኝ። «አንተስ ምን ታደርግ፤ መንግሥት ነው» ብለው ትከሻዬን ዳበስ አድርገው ሄዱ። ሳይቆጡኝ መሄዳቸው ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሳንሱር ያን ገጽ አልነካውም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ግን ይህንኑ ውሸት በየስብሰባው አወራሁት፤ ተጨበጨበልኝም። አርሜ ማሳተም እችል ነበር። አላረምኩም። አያ መኩሪያ እንዳመኑኝ ሞቱ።

ዘንድሮ ዛሪማ ሄጄ ለስንዱ ነገርኳት። ስታበጥረው የነበረውን ማሽላ አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «በሬዲዮ ለሰሙት ይንገሩ።»

ናደው በሩን የከፈቱት ለሕፃናቱ ብለው ነው። ሌላውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ይህን መናገሬ ለስንዱ ሰርጓን አይመልስላትም። ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም።