በኪዮዋዎች ጥቅል የሳቀው የእኛ ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከኦሮራ ተነሣን። ሊኔት ዴንቨር ከተማ መሃል ባለ አዳራሽ የሕዝቧን፣ የአሜሪካ ነባር ተወላጆች የሆኑትን የኪዮዋዎችን ቅዱስ ታሪክ ልትናገር ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት አብረን እንሠራለን፤ ሰው ፊት ስትቆም የመጀመሪያዋ ስለሆነ «እንዳትቀሪብኝ» ብላኛለች። የደብራችን ሰው ጋሽ ታምራትም «እኔንም ውሰጂኝ» ብለው መኪናዬ ገቡ።

የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ሄድን። የተጠረገው በረዶ ዳር ዳሩን ጠቁሮ ተከምሯል። ፓርክ አድርገን ስንገባ ሊኔት በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ዳቦ ይዛ በር ላይ ጠበቀችን። የነቢያትን ጾም መያዛችንን ታውቃለች።

«የእናንተ ወተት የለበትም» አለችን። ጋሽ ታምራት ሁለት በሉ።

ከዚያ ተረከች። የፀሐይ ልጅ ለሁለት ተከፍሎ መንታ ሆነ። አንደኛው ሐይቅ ገብቶ ተሰወረ፤ ሌላው ወገኖቹ የሚጸልዩበት እንዲኖራቸው የገዛ አካሉን ዐሥር ቦታ ከፍሎ ሰጣቸው። ዐሥሩም ተጠቅልለው በጠባቂዎች ቤት ተቀመጡ። የታመመ፣ የጨነቀው ሰው ስጦታ ይዞ ፊታቸው ይጸልያል፤ የተጣላም እዚያ ይታረቃል። ጥቅሉ ግን አይፈታም።

«አያቴ ስትጸልይ አይቻለሁ» አለች። «ውስጡን አላየሁም። ማየትም አልፈልግም።»

ጋሽ ታምራት ሳቁ። ድምፅ አውጥተው! ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ «ፈታችሁ አታዩትም? ጨርቅ ብቻ ቢሆንስ?» አሏት።

ሊኔት ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ልብስ ሰብስባ ከመድረኩ መውረድ ጀመረች። ደሜ ፈላ፤ ብድግ አልኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ታቦት አይተዋል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ማን ያያል!»

«አምና በጥምቀት ተሸፍኖ ሲወጣ በረዶው ላይ በግንባራቸው የተደፉት ማን ነበሩ? ያኔ ይገለጥልን ብለዋል?»

«አንቺ ልጅ! ታቦትን ከዚህ ጋር ልታስተካክዪ?»

«አላስተካከልኩም፤ ሃይማኖቴን አውቃለሁ። ተሸፍኖ የሚከበር ነገር ለእርስዎ እንግዳ ነው ወይ? ፈረንጆቹ እንኳ አልሳቁም እኮ!»

ከዚያ ወደ ሊኔት ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ «እኛም የማንገልጠው አለን። እባክሽ ጨርሺልን» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ተመለሰች። እስከ መጨረሻው ተናገረች።

ስንወጣ ለጋሽ ታምራት የተረፈውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ለሳቁባት ሰው! እስከ ኦሮራ ድረስ ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። ደጃቸው ስንደርስ፣

«እስቲ ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ።

«እኔ አልላክም። ሰኞ ጠዋት መጥቼ ወደምንሠራበት ቤት እወስድዎታለሁ፤ ራስዎ ይነግሯታል።»

ቤቴ ስገባም ንዴቴ አልበረደም። ለተሸፈነ ነገር መስገድን ከልጅነታችን ስለምናውቅ የሌላውን አንደፍርም ብዬ አምን ነበር። ለካ ማወቅ ብቻውን አያስተምርም።

ሰኞ ደጃቸው ስደርስ፣ ጋሽ ታምራትን ኮታቸውን ለብሰው ውጭ ቆመው አገኘኋቸው።