ከድምፄ ሥር የተጻፈው

ልጄን መንገድ ዳር አጥር ላይ ተለጥፋ ያየኋት አውቶቡስ እየነዳሁ ነው። ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አዲስ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ በጣውላ ታጥሯል፤ ፖስተሮቹን እዚያ ላይ ደርድረዋቸዋል። ቀይ መብራት ይዞኝ ቀና ስል የሃያ ሦስት ዓመቷ ልጄ ቡጢዋን ጨብጣ፣ ፊቷን አኮሳትራ ታፈጥብኛለች። ከጀርባዋ የሚያገሣ አንበሳ አቁመውባታል። አንበሳው ደግሞ ከአፉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጭስ ይተፋል። መብራቱ ተለውጦ ከኋላዬ ጥሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ ፈዝዤ ቀረሁ።

ይቺ ልጅ የተወለደችው እዚሁ ቶሮንቶ ነው። አንበሳ አይታ የምታውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትንሽ ሳለች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ስካርቦሮ ያለው መካነ አራዊት ወስደዋቸው፣ እሱም ተኝቶ ነበር ብላ አኩርፋ ነው የተመለሰችው። ፖስተሩ ግን ከአፍሪካ ተራሮች የወረደች ሴት አንበሳ ናት ይላል። ከተራራ የወረደችው መቼ እንደሆነ እኔ እናቷ አላውቅም። የወረደችው ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ነው፣ ያውም ሊፍቱ ሲሠራ።

ልጄ በቡጢም፣ በእርግጫም፣ በትግልም የሚገጠምበትን ድብልቅ ፍልሚያ ነው የምትወዳደረው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ትንሽ ድርጅት ነው። የራሱ አዳራሽ እንኳ የለውም፤ ኢቶቢኮ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ የሠርግ አዳራሽ ይከራያል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ በልቻለሁ። ሙሽሮቹ ኬክ የቆረሱበት ቦታ ላይ ነው እነዚህ ሰዎች ኬጅ የሚሉትን የሽቦ አጥር ተክለው የሰው ልጅ የሚያፋልሙት።

ከዚህ ፖስተር በፊት ሁለት ፍልሚያዎቿ ላይ ሄጄ ነበር። ሄጄ ማለት ድፍረት ነው እንጂ፣ ደወሉ ሲመታ ወንበሬን ትቼ ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ስንጎራደድ ነው ያለቀው። ልጄ ስትመታ የማይበት ዓይን አልተሰጠኝም። እሷም ይህን ታውቃለች፣ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

በእኔ ሥራ ፕሮግራም ማለት ፕሮግራም ነው። ከፌርማታ ቀድሜ ብነሳ ተጠያቂ ነኝ፣ ዘግይቼ ብደርስም ተጠያቂ ነኝ። የእነሱን ፕሮግራም ሳይ ነው ደሜ የሚፈላው። መጀመሪያ ልጄን ለክረምቱ መጨረሻ ቀጠሯት። ኪሎዋን ለማስተካከል ከምግብ ተጣልታ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ ከረመች። ቀኑ ሲቃረብ ተጋጣሚዋ ጉልበቷን ታመመች ተባለና ተሰረዘ። ሁለተኛ ተቀጠረች፤ እንደገና ከሳች፤ አዳራሹ ሠርግ ይዟል ተባለ። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ከዊኒፔግ ከተማ አንዲት ልጅ እናመጣለን አሏት። ፖስተሩ ግርጌ ላይ በጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል “ዝግጅቱ ሊለወጥ ይችላል” ተብሎ ተጽፏል። እኔም አውቶቡሴ ግንባር ላይ እንዲህ ጽፌ ብነዳ ደስታዬን አልችለውም ነበር።

ማን ከማን ጋር፣ በስንተኛ ተራ እንደሚገጥም እንዴት እንደሚወሰን የሰማሁ ቀን ደግሞ ጉድ ነው ያልኩት። እኔ የዋህ፣ ጎበዙ መጨረሻ ላይ ይገጥማል ብዬ ነበር የማስበው። ለካ የሚታየው ተፋላሚው ስንት ሰው ይዞ ይመጣል የሚለው ነው። ቲኬቱን የሚሸጡት ራሳቸው ተፋላሚዎቹ ናቸው፤ ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለጎረቤት። ብዙ ሰው የሚያመጣና የማስታወቂያ ቪዲዮው ብዙ የታየለት፣ አዳራሹ ሲሞላ፣ ወደ መጨረሻው ይገጥማል። የማያመጣው ሰዉ ገና መኪና ሲያቆም ገብቶ ተደብድቦ ይወጣል። ሌላም ሐበሻ ተፋላሚ ነበራቸው። እሱን ለሌላ ጊዜ ያዛወሩት የእሱም የልጄም ቲኬት ገዢዎች ያው እኛው ስለሆንን ነው። አንድ ማሰሮ ጠላ ለሁለት ድግስ እንደሚያብቃቃ ሰው ሕዝቡን ከፍለው ይቀዱታል።

አዘጋጁ ቤቴ ድረስ የመጣው ለዚህ ቪዲዮ ነው። ጥርሱ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያወራ የሰው ትከሻ የሚይዝ ሰውዬ ነው። ካሜራ የያዘ ጎረምሳ አስከትሎ ገባና ሶፋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ አላስፈቀደኝም። ልጄ ሥራ ላይ ነበረች።

“ከጦርነት ነው የሸሻችሁት?” አለኝ በእንግሊዝኛ።

“አይደለም” አልኩት።

“በረሃ በእግርሽ አላቋረጥሽም?”

“በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ፣ ዶሮ በልቼ።”

ፊቱ ላይ የወረደውን ሐዘን ብታዩት ዘመድ የሞተበት ነበር የሚመስለው። እኔ አገሬ ሳለሁ ቢሮ ውስጥ የምሠራ ሰው ነበርኩ፤ ፎርም ሞልቼ፣ ፈተና አልፌ ነው የመጣሁት። እሱ የሚፈልገው ግን የሚሸጥ መከራ ነው፤ መከራ ከሌለኝ ልጄ ምን ዋጋ አላት? መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ፣ “እሺ፣ ዝም ብለሽ በቋንቋሽ ስለ ልጅሽ ተናገሪ። ከልብሽ ይሁን” አለኝ።

ከልቤ ተናገርኩ። “እኔ ልጄን ለድብድብ አልወለድኳትም። እፈራለሁ። ማንም እንዲመታብኝ አልፈልግም። ግን ካመነችበት ምን አደርጋለሁ፤ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ” አልኩ። እንባዬም መጣ። ጎረምሳው ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋው። ሰውዬውም ቃሌ ሳይገባው አውራ ጣቱን ቀስሮ አበረታታኝ።

ቪዲዮው ሲወጣ ልጄ ማታ ወጥ ሳማስል ስልኳን ዘርግታ አሳየችኝ። መነጽሬን አላደረግሁም ነበር፤ ድምፄን ሰማሁ፣ ራሴን በደበዘዘ መልኩ አየሁ፣ “በቃ፣ አየሁት” አልኩና ወደ ድስቴ ዞርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ፣ “አንጀታችንን በላሽው እኮ” እያሉ አቀፉኝ። እውነቴን ተናግሬ ሰው ከሰማኝ ይበቃል ብዬ ተጽናናሁ።

የፍልሚያው ሳምንት ሰኞ ዕለት አብሮኝ የሚሠራ ሾፌር ጋራዡ ውስጥ አገኘኝ። የጃማይካ ሰው ነው፣ የሦስት ሴት ልጆች አባት። “አንቺ ሴትዮ ብረት ነሽ። እኔ ስለ ልጄ እንዲህ ልናገር አልችልም” አለኝ።

“ምን ተናገርኩ?”

ስልኩን አውጥቶ አነበበልኝ። አላመንኩትም፤ ነጥቄው መነጽሬን አደረግሁ። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ሶፋዬ ነው፣ ያው እንባዬ ነው። አፌ “እፈራለሁ” ይላል፤ ከሥሩ በነጭ ፊደል በእንግሊዝኛ “አልፈራም” ተብሎ ተጽፏል። “ለድብድብ አልወለድኳትም” ስል “ተዋጊ አድርጌ ነው የወለድኳት” ይላል። “ማንም እንዲመታብኝ አልፈልግም” ያልኩት “ማንም ሊመታት አይችልም” ሆኗል። እግዚአብሔርን ብቻ ነው ያልነኩብኝ። አማርኛ የሚሰማ አንዲት ፈሪ እናት አየ፤ የማይሰማው ደግሞ በልጇ ደም የምትፎክር አረመኔ አየ። የሚሰማው ስንት ነው? የማይሰማው ከተማው ሙሉ ነው።

የዚያን ቀን ፈረቃዬ እንዳለቀ በቀጥታ ኢቶቢኮ ነዳሁ። ሰውዬው ቢሮ ብሎ የያዘው መጋዘኖች መሀል ያለች ክፍል ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ፖስተር ነው። እንኳን ሰላምታ፣ በሩንም አላንኳኳሁ። በማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ፣ ሲያልቅብኝም በአማርኛ ወረድኩበት። “አፌን ማን ሰጠህ? እናትህ ብትሆን እንባዋን እንዲህ ትቸረችረው ነበር?” አልኩት።

ሰውዬው እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። “ትርጉሙ የእኛ አይደለም። እዚህ ቋንቋሽን የሚያውቅ ማን አለ? ልጅሽ ናት ጽፋ የላከችልን።”

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን ስልኩን ዘረጋልኝ። መልእክቱ ከልጄ ነው የመጣው፤ አጠገቡ ያለው ፎቶ የሷው ነው። “ግሩም ጽሑፍ ነው” አለኝ ትከሻዬን ሊይዝ እየተጠጋ። “ሰዉ ወዶታል። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ተራ የሰጠኋት በሱ ነው።”

እንዴት ወደ ቤት እንደነዳሁ አላስታውስም። ልጄ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን በፋሻ ትጠቀልል ነበር። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ “ቃሌን ለምን ገለበጥሽው?” አልኳት።

አልካደችም። ፋሻውን መፍታት ጀመረች። “ማሚ፣ የሌሎቹን ልጆች ቪዲዮ አይተሻል? እናቶቻቸው ‘ታሸንፋለች፣ አምናታለሁ’ ነው የሚሉት። ያንቺን ትራንስሌት አድርጊ ብሎ ላከልኝ። ‘እፈራለሁ’ የሚለውን ታይፕ ላደርገው ስል አልቻልኩም።”

“ተራ እንዲሰጥሽ ነዋ።”

“እሱም አለ፤ አልዋሽሽም። ግን…” የፈታችውን ፋሻ እንደገና መጠቅለል ጀመረች። “ኬጁ ውስጥ ሆኜ ያንቺን ወንበር አየዋለሁ። ሁልጊዜ ኤምፕቲ ነው። አንቺ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ነሽ። እኔ የጻፍኩት አንድ ቀን እንድትዪልኝ የምፈልገውን ነው፣ ዛትስ ኦል።”

ያን ሁሉ ንዴት ይዤ ገብቼ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ተናድጃለሁ፣ አሁንም ተናድጃለሁ፤ የገዛ ልጄ አፌ ውስጥ ገብታ ስትናገር ዝም ልል አልችልም። ግን ደግሞ እሷ ስታናግረው የኖረችው ያንን ባዶ ወንበር ነው። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ክፍሏን ከፈትኩና እንቅልፍ ላይ ሳለች ቀሰቀስኳት።

“ስሚኝ። እፈራለሁ። ይሄ እስክሞት አይለወጥም። ግን ቅዳሜ ከወንበሬ አልነሳም። መተርጎም ካማረሽ ይሄንን ተርጉሚው።”

ተረጎመችው። ቃሌን አንድ በአንድ እንደነበረ መለሰች፣ መጨረሻው ላይ “ከወንበሬ አልነሳም” የሚለውን ጨመረች፣ ለሰውዬውም ራሷ ላከችለት። ቪዲዮውን አርሞ አወጣው፤ ያለዚያ እንደማትገጥም ጽፋለት ነበር። ማታውኑ ግን ደወለላት። ሰው የሚወደው ቆራጥ እናት ነው፣ የምትፈራ እናት ቲኬት አታስሸጥም አላት። የመጀመሪያውን ተራ ሰጣት።

ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ የከሳችው እሷ ናት። የምትመታው እሷ ናት። ቲኬቱን በየቤቱ እየዞረች የሸጠችው እሷ ናት። አንዲት እናት እፈራለሁ ስላለች ልጇ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ትግጠም ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ እሱን ራሱን እናት አልወለደችውም?

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከሰው ይልቅ ወንበር ይበዛ ነበር። ቲኬት የገዙልን ሰዎች ማታ ነው ተብለው ገና መንገድ ላይ ናቸው። አሳላፊዎቹ በረዶ ወደ ባልዲ እየገለበጡ ነው። አስተዋዋቂው ተራሮቹንና አንበሳዋን ጠራቸው፤ ልጄ ገባች፤ የሽቦው በር ተዘጋ። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። የዊኒፔጓ ልጅ ረጅም ናት፣ እጆቿ ማለቂያ የላቸውም። የመጀመሪያው ቡጢ ሲያርፍ ጉልበቴ ራሱ ብድግ ሊል ቃጣው። አልተነሳሁም። ዓይኔንም አልጨፈንኩም። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ዳኞቹም ለዊኒፔጓ ፈረዱ።

በኋላ በአዳራሹ ወጥ ቤት መተላለፊያ በኩል አልፌ ልብስ መቀየሪያው ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ አዘጋጁ ቆሟል። ካሜራ የያዘው ጎረምሳ እኔን ሲቀርጸኝ ነበርና፣ ሰውዬው ፊቴን ለሚቀጥለው ማስታወቂያ ልጠቀምበት ብሎ ጠየቀኝ። “ፊቴን ለራሴ ገና እፈልገዋለሁ” ብዬው አለፍኩ።

ልጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ግራ ዓይኗ ላይ በረዶ ይዛለች። ቀና ሳትል፣ “ስንተኛው ራውንድ ላይ ወጣሽ?” አለችኝ።

“አልወጣሁም።”

“ሁለተኛው ላይ ምን ሆነ?”

እየፈተነችኝ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። “እግርሽን ይዛ ጣለችሽ። ደረትሽ ላይ ወጥታ ሁለት ጊዜ መታችሽ፣ ሦስተኛውን በክንድሽ መለስሽው። ከዚያ ጀርባሽን ሽቦው ላይ ተደግፈሽ ተነሳሽ። ስትነሺ ወደ እኔ ዞር አልሽ” አልኳት።

በረዶውን ከዓይኗ ላይ አወረደችው። ዓይኗ አብጦ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

“በጣም ፈርቼ ነበር” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። “አየሁሽ።”